መስመሩ ቀጥ ካለ በኋላ ልብን በኤሌክትሪክ ማስነሣት ይቻላል?

የማራኪ ነዋሪ፦
ጤና ይስጥልኝ። በሆስፒታል ድራማዎች ውስጥ የሞኒተሩ መስመር ቀጥ ሲል ሐኪሙ በበሽተኛው ደረት ላይ ኤሌክትሪክ ይለቃል፤ በሽተኛውም ወዲያው ይነቃል። አባታችን ባለፈው ዓመት በድንገተኛ ክፍል ሲያርፍ ግን መሣሪያው እዚያው ቆሞ ሳለ ሐኪሞቹ ደረቱን በእጃቸው ብቻ ይጫኑ ነበር። እናቴ እንዲህ ያለ ትዕይንት ባየች ቁጥር «ለእኔ ባል ለምን ነፈጉት?» ትላለች። ምን ብዬ ልመልስላት?

የድንገተኛ ክፍል ነርስ፦
ነፍስ ይማር፤ እናትዎንም እግዜር ያጽናቸው። ካርዳቸውን ሳላይ ስለ አባትዎ መፍረድ አልችልም፤ መስመሩ በእርግጥ ቀጥ ብሎ ከነበረ ግን ኤሌክትሪክ አለመስጠታቸው ትክክል ነው። ዲፊብሪሌተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚለቀው መሣሪያ፣ የሚሠራው ሥርዓት አጥቶ የሚንቀጠቀጠውን ልብ ለቅጽበት ጸጥ አሰኝቶ የራሱ ምት እንዲመለስ ዕድል ለመስጠት እንጂ፣ ጸጥ ያለውን ለመቀስቀስ አይደለም። በዚህ ጊዜ የሚደረገው ደረትን በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ጠለቅ አድርጎ መጫን፣ ትንፋሽ መስጠት፣ በየ3 እስከ 5 ደቂቃው 1 ሚሊ ግራም አድሬናሊን የተባለ መድኃኒት በደም ሥር መስጠት፣ ልቡን ያቆመውንም ምክንያት መፈለግ ነው። ክንድ ሲዝል ጥልቀቱ ስለሚቀንስ የሚጫኑት ሰዎች በየ2 ደቂቃው ይተካካሉ።

ጡረተኛ ጤና መኮንን፣ አዘዞ፦
በ1947 ዓ.ም. በተመሠረተው የጎንደሩ ጤና ኮሌጅ ከተማሩት አንዱ ነኝና ጥቂት ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት «ኢአር» የተባለውን የሆስፒታል ድራማ ጨምሮ የሦስት የቴሌቪዥን ፕሮግራሞችን 97 ክፍሎች ተመልክቶ ነበር፤ ልባቸው ከቆመባቸው 60 ታማሚዎች 75 በመቶው ወዲያው ተርፈዋል። በእውነተኛው ሆስፒታል እንዲህ ያለ ውጤት ከየት ይመጣል! የድራማው በሽተኞች በአብዛኛው ሕፃናትና ወጣቶች ናቸው፤ በእውነቱ ዓለም ግን ልባቸው የሚቆመው ብዙዎቹ አረጋውያን ናቸው። ደግሞም ድራማው ዝግ ያለ ሥራ አይወድም። ኦርጋኖፎስፌት የሚባለውን ዓይነት ፀረ ተባይ ኬሚካል የጠጣ ሰው ወደ እኛ ሲመጣ ሕይወቱን የሚያተርፈው፣ በሳንባው የሞላው ፈሳሽ እስኪደርቅ ድረስ እየደጋገሙ አትሮፒን የተባለ መድኃኒት መስጠት ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ አጠገቡ ተቀምጦ ደረቱን እያዳመጠ ምራቁን የሚጠርግ ነርስ ያስፈልጋል። ይህን ማን ቁጭ ብሎ ያያል?

የማራኪ ነዋሪ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ቀረኝ፤ እናቴ የአባቴ አጥንት ሲንቋቋ ሰምታለች።

የድንገተኛ ክፍል ነርስ፦
በትክክል ሲጫኑ የጎድን አጥንት ብዙ ጊዜ ይሰበራል፤ ስለዚህ ድምፁ የጭካኔ ምልክት አይደለም። ተዋናዩ ግን ጤነኛ ሰው ነውና እንዲህ ሊጫኑት አይችሉም። ልብ ብላችሁ ብታዩ የተዋናዮቹ ክርን ይታጠፋል፤ የእኛ ክንድ ግን ቀጥ ማለት አለበት።

የማራኪ ነዋሪ፦
ለእናቴ አነበብኩላት። ዝም ብላ ቆየችና «ያ ላቡ ጠብ ጠብ ሲል የነበረው ልጅ ክንዱ ቀጥ ያለ ነበር፤ ሳላመሰግነው ወጣሁ» አለች።