የጥልቀት መለኪያዎቹን ከራዝቤሪ ፓይ ጋር ስለማገናኘት፦ ለጣና ጀልባዎች ማኅበራችን ጉባኤ የሚቀርብ የጋራ ዕቅድ (አስተያየት ሰጪው በጀልባው ቁጥር ይጠራል)

ጸሐፊው፦ ረቂቅ 1 ይኸው። ጉባኤው ቅዳሜ ነው፤ አስተያየት እስከ ሐሙስ። የድሮ ጥልቀት መለኪያና ጂፒኤስ ያላቸው 5 ጀልባዎች ላይ አንዳንድ ራዝቤሪ ፓይ (መዳፍ የምታህል ትንሽ ኮምፒውተር) ይገጠማል። መሣሪያዎቹ የሚያሳዩት በየጉዞው ይመዘገባል። መዝገቡ ሲጠራቀም ከባሕር ዳር ዘጌ፣ ከዚያም እስከ ደቅ ደሴት ያለውን የድንጋይና የደለል ካርታ እንሠራለን። ገንዘቡ ከመጠባበቂያው ይወጣል። አምና ግንቦት የሆነውን ሁላችሁም ስለምታውቁት አልደግመውም።

ጀልባ 9፦ እኔ ግን እደግመዋለሁ። ፕሮፔለሬን ድንጋይ በላው። ከኪሴ ከፈልኩ። ማኅበሩ አንድ ብር አልሰጠኝም። መጀመሪያ የሚገጠመው የኔ ላይ ይሁን።

ጀልባ 4፦ አንተ ጥልቀት መለኪያ መቼ አለህና?

ጀልባ 9፦ ስለሌለኝ አይደል የመታሁት! ለኔ መለኪያውም ይገዛ።

ገንዘብ ያዥ፦ መለኪያ መግዛት ረቂቁ ላይ የለም። ሥራ በቀዘቀዘበት ጊዜ መጠባበቂያውን እንደ ሐይቅ ውኃ አትቅዱት።

መካኒኩ፦ ወደ ሥራው። አብዛኞቹ መሣሪያዎች ኤንኤምኢኤ 0183 የሚባለውን የጀልባ መሣሪያዎች ቋንቋ ነው የሚናገሩት። በሁለት ሽቦ፣ በሴኮንድ 4800 ቢት። ሽቦውን ቀጥታ ፓዩ ፒን ላይ እንዳትሰኩ። ፒኑ የሚችለው 3.3 ቮልት ነው። ከድሮ መሣሪያ 5 ቮልትም ከዚያ በላይም ሊመጣ ይችላል፤ ሰሌዳው ይቃጠላል። ለየመሣሪያው አንድ የዩኤስቢ መቀየሪያ ያስፈልጋል፣ ቢቻል በኦፕቶካፕለር (ምልክቱን በብርሃን በሚያሳልፍ ቺፕ) የተነጠለ። ጂፒኤሱንና ጥልቀት መለኪያውን አንድ ላይ መጠምዘዝም አይሆንም። በአንድ መስመር ተናጋሪው አንድ ብቻ ነው። ሁለቱ እኩል ካወሩ ፓዩ ምንም አይሰማም። የጀልባ 6 ደግሞ ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ ሽቦ ያለው ሲቶክ ነው። እሱ ሌላ ቋንቋ ነው፤ ለብቻው እናየዋለን።

የጀልባ 2 ልጅ፦ ፕሮግራሙን እኔ እሠራለሁ። ከመሣሪያዎቹ የሚመጣውን የሚሰበስብ ሲግናል ኬ የሚባል ነጻ ሶፍትዌር አለ፤ ካርታው በኦፕን ሲፒኤን፣ በጀልባ ካርታ ፕሮግራም፣ ይታያል። እስከ ረቡዕ ጭኜ አሳያችኋለሁ።

ቨርጂኒያ (አሜሪካ ያለው ወንድማችን)፦ እኔ ለሰኔ እመጣለሁ። 3 ፓይ ከነመቀየሪያው በሻንጣዬ ይዤ እገባለሁ። ለማኅበሩ ስጦታ ነው። የሽቦውን ዓይነት ጻፉልኝ።

ጸሐፊው፦ በጣም ጥሩ! ረቂቁ ላይ አስገብቼዋለሁ፤ በጀቱም በዚያው ልክ ቀንሷል።

መካኒኩ፦ ረቂቁ ላይ የጎደለ ዋና ነገር አለ። መሣሪያው የሚለካው ከውኃው ፊት ጀምሮ አይደለም፤ ሥር ከተገጠመው ሴንሰር ጀምሮ ነው። እያንዳንዱ ሴንሰር ስንት ሳንቲ ከውኃ በታች እንደሆነ ካልለካን፣ 5 ጀልባ 5 የተለያየ ጣና ይመዘግባል። በዚያ ላይ ሐይቁ በሰኔና በመስከረም አንድ አይደለም፤ ከሜትር በላይ ይለያያል። የየዕለቱ የውኃ ከፍታ አብሮ ካልተጻፈ ካርታው ሰው ያሳስታል።

ጀልባ 11፦ እሱ ይቆየን። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ሰዓት የማን ነው?

ጸሐፊው፦ ማለት?

ጀልባ 11፦ የጀልባ 4ን ጂፒኤስ ዛሬ አየሁት። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ 5 ይላል። እንግዳው የእጅ ሰዓቱን አይቶ 8 ይላል። እኛ 2 እንላለን። በአንድ ጀልባ ላይ ሦስት ሰዓት! በእኛ ሰዓት ካልሆነ እኔ ድምፅ አልሰጥም።

መካኒኩ፦ ጂፒኤሱ የሚሰጠው የግሪንዊችን ሰዓት ነው። ፈረንጁ ላይ ለመድረስ 3 ትደምራለህ፤ የእኛን ለማግኘት 3 ትቀንሳለህ። መዝገቡ በግሪንዊች ይቀመጥ፣ ስክሪኑን ወደ እኛ መቀየር የአንድ መስመር ሥራ ነው። አለቀ።

ጀልባ 4፦ አላለቀም። እንግዳ ስክሪኑን አይቶ 2 ሰዓት ሲል ምን ሊመስለው ነው? ከሰዓት በኋላ። የፈረንጁ ነው መሆን ያለበት።

ጀልባ 11፦ ጀልባው የማን ነው? ሐይቁስ? ሰዓታችንን ከገዛ ጀልባችን ላይ ልናነሳ ነው?

ጀልባ 4፦ ክብር ነዳጅ አይሞላም። ባለፈው ጥር 6 እንግዶች ጠዋት 2 ተብለው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ መጡ። ጉዞው ተበላሸ። ያ ብር የኔ ነበር።

ጀልባ 11፦ አንተ ማስረዳት ስላልቻልክ የአገር ሰዓት ይቀየር?

ጀልባ 4፦ አፍህን ሰብስብ።

ነባሩ ካፒቴን፦ በቃ! ልጆች አትሁኑ። እኔ የሚገርመኝ ሌላ ነው። የዚያ ጂፒኤስ ዓመት 2005 ነው የሚለው። እኛ 2017 ላይ ነን፤ ፈረንጅ 2025። በማንም አቆጣጠር አይገጥምም። ቀኑን የማያውቅ ዕቃ ድንጋዩን ሊነግረኝ ነው? በ1995 ሐይቁ ጎድሎ ጀልባ ለወራት ሲቆም እኔ በታንኳ እየሄድኩ በዘንግ ስለካ ነበር። አንድም ጊዜ አልተሳሳትኩም።

መካኒኩ፦ ጋሼ፣ ዕቃው አልተበላሸም። የድሮ ጂፒኤስ የሚቆጥረው 1024 ሳምንት ብቻ ነው፤ ሲሞላ ከዜሮ ይጀምራል። በፈረንጅ ኤፕሪል 2019 ላይ ዞረ። ስለዚህ ወደ 20 ዓመት ያህል ወደኋላ ይላል። የቆምንበትን ቦታ ግን በትክክል ይናገራል። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ፓይ 5 ከሚባለው ሞዴል በፊት የወጡት ፓዮች የራሳቸው ሰዓት የላቸውም። ኢንተርኔት በሌለበት ሐይቅ ላይ ሰዓቱን ከጂፒኤሱ ነው የሚወስዱት። 2005 ካላቸው እነሱም 2005 ብለው ይመዘግባሉ። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የሰዓት ቺፕ መጨመር አለብን።

ጀልባ 11፦ ቺፑ በየትኛው ሰዓት ይሞላል?

ጀልባ 7፦ ወንድሜ!

ጀልባ 9፦ ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ሰዓት። ድንጋዩ ግን እዚያው አለ።

ጀልባ 11፦ ለጀልባ 4 ያልኩት ከልክ አልፏል። ይቅርታ። ስለ ሰዓቱ ግን ሐሳቤን አልቀየርኩም።

ጀልባ 4፦ እኔም ተቆጥቼ ነው። ለምን ሁለቱም አይታዩም? የእኛ በትልቁ፣ የእነሱ ከሥሩ በትንሹ።

ጀልባ 11፦ እንዲህ ከሆነ እስማማለሁ።

ጀልባ 7፦ እንግዲህ ሁለቱንም ካሳየን ለምን ጀልባው ውስጥ? እንግዳው የሚሳሳተው ከመሳፈሩ በፊት ነው። ማረፊያው ላይ አንድ ትልቅ ስክሪን ይሰቀል። መነሻ ሰዓት በሁለቱም፣ መድረሻውም፦ ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ ክብራን ገብርኤል፣ ደጋ እስጢፋኖስ፣ ናርጋ ሥላሴ። ፓይ ይህን በደንብ ይችላል።

ጀልባ 4፦ ይኼ ነው እንጂ! ይኼ ብር ያመጣል።

ገንዘብ ያዥ፦ አንድ ስክሪንና አንድ ፓይ ከሆነ በጀቱ ይበቃል። 5 ጀልባ ላይ ከመግጠም ይሻላል። በዚህ እስማማለሁ።

መካኒኩ፦ ጥልቀቱስ? የሴንሰሩ ልኬትስ? ማንም መልስ አልሰጠኝም።

ጸሐፊው፦ የጀልባ 2 ልጅ፣ ረቡዕ አልፏል። ፕሮግራሙ የት ደረሰ?

ጀልባ 2፦ ልጄ ፈተና ላይ ነው። ስልኩን ዘግቷል። አትጠብቁት።

ጸሐፊው፦ ቨርጂኒያስ? የሽቦውን ዝርዝር ማክሰኞ ልከንልሃል።

ጸሐፊው፦ ቨርጂኒያ?

ጸሐፊው፦ እሺ። ረቂቅ 4፦ (1) ማረፊያው ላይ የመነሻ ሰዓት ስክሪን፣ በሁለት ሰዓት። (2) ለእሱ አንድ ፓይ፣ አንድ የሰዓት ቺፕ፣ ከዝናብ የሚከልል ሳጥን። (3) የጥልቀት ምዝገባ፣ በጀት ሲፈቅድ። ርዕሱንም ቀይሬዋለሁ።

ጀልባ 9፦ ሦስተኛ ተራ ላይ ጣላችሁት። እኔ ስመታ ግን አንደኛ ነው።

መካኒኩ፦ ጉባኤ አልጠብቅም። የራሴ አንድ አሮጌ ፓይ፣ ሞዴል 3፣ አለኝ። ዛሬ ማታ ጀልባ 4 ላይ ገጠምኩት። ከባትሪው 12 ቮልት ወደ 5 የሚያወርድ መቀየሪያ አስገባሁ። ሞተሩ ሲነሳ ቮልቱ ወርዶ ሁለቴ ጠፋብኝ፤ እንዲህ እየጠፋ ከቀጠለ ሚሞሪ ካርዱ ይበላሻል። መቀየሪያውን አውጥቼ ጠንከር ያለ ከገጠምኩ በኋላ መጥፋቱ ቆመ። ጥልቀቱን በጫማም፣ በሜትርም፣ በፋቶምም (በመርከበኞች የጥልቀት መለኪያ) እየላከ ነው። እዚሁ ማረፊያው ላይ 1.4 ሜትር ይላል። ይህ ግን ከሴንሰሩ በታች ያለው ነው። ትክክለኛውን ለማወቅ በእጅ ለክቶ ማነጻጸር ያስፈልጋል።

ነባሩ ካፒቴን፦ ነገ በስንት?

መካኒኩ፦ ጋሼ፣ ጠዋት 12 ተኩል። ንፋስ ሳይነሳ።

ነባሩ ካፒቴን፦ ዘንጌን ይዤ እመጣለሁ። በጣት ምልክት አድርጌበታለሁ፤ አንተ በሜትር ትቀይረዋለህ።

ጀልባ 9፦ እኔም አለሁ። አምና የመታሁበትን ቦታ አሳያችኋለሁ። ከክብራን በስተዘጌ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ እስከ ክብራን የሚሄደው ነዳጅ ከማን ነው? ከመጠባበቂያው አይደለም።