በሌላ አገር የንግድ ሕግ ማሻሻያ ላይ እንዲያማክር የሚላክ የመንግሥት የሕግ ባለሙያ ሥራው ምንድን ነው?

ጀማሪዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሕግ ክፍል ውስጥ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ ውል መመርመር፣ መመሪያ ማርቀቅ፣ አልፎ አልፎም በንግድ ስምምነቶች ላይ አስተያየት መጻፍ ነው። ባለፈው ሳምንት አለቃዬ ጠርታ፣ ለአሥራ ስምንት ወራት ወደ ሌላ አገር ሄጄ የዚያን አገር የፍትሕ ሚኒስቴር በንግድ ሕግ ማሻሻያ ላይ እንዳማክር ሐሳብ አቀረበችልኝ። መጀመሪያ የሚሠራው እንደ ማሽንና ሸቀጥ ባለ በሚንቀሳቀስ ንብረት መያዣ ብድር የሚሰጥበት ሕግ ነው፤ የኪሳራ ሕጉ ከዚያ ይከተላል ተብሏል።

የተሰጠኝ የሥራ ዝርዝር አንድ ገጽ ተኩል ነው። “የቴክኒክ ድጋፍ መስጠት” የሚለው ሐረግ አራት ጊዜ ተጽፎበታል፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን አንድም ጊዜ አልተጻፈም። ጠዋት ቢሮ ገብቼ ምን አደርጋለሁ? ሕጉን የምጽፈው እኔ ነኝ ወይስ እነሱ? የተማርኩት በኮመን ሎው፣ ማለትም በአብዛኛው በቀደሙ የፍርድ ቤት ውሳኔዎች ላይ በሚመሠረት ሥርዓት ነው፤ እነሱ ሁሉን በኮድ፣ በተጠቃለለ የሕግ መጽሐፍ፣ ያሰፈሩ ናቸው። ቋንቋቸውንም አልችልም። ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ግን ይህ ነው፦ ደመወዜን የሚከፍለኝ የእኔ መንግሥት ሆኖ ሳለ ደንበኛዬ ማነው? በዚህ ሥራ ያለፋችሁ ካላችሁ ያያችሁትን ንገሩኝ።

ሦስት አገር የተላከ፦

እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። ደንበኛሽ የላከሽ መንግሥት ነው። ተቀባዩ ሚኒስቴር ባልደረባሽ ይሆናል፣ ወዳጅሽም ሊሆን ይችላል፤ ደንበኛሽ ግን አይሆንም። ይህን አስቀድመሽ ካልለየሽ አንድ ቀን የሚኒስቴሩ የሕግ ኃላፊ በሩን ዘግቶ ከአንድ የውጭ ኩባንያ ጋር ስለገቡበት ክርክር ምክር ይጠይቅሻል፤ ኩባንያው ደግሞ የአገርሽ ሆኖ ይገኛል። በእኔ ላይ በሁለተኛው ወር ደረሰ። እሱ ፋይሉን ከፈተው፤ እኔ ሳላነበው መልሼ ዘጋሁት። በመካከላችን የጠበቃና የደንበኛ ምስጢር የሚባል ነገር የለም፤ ካነበብኩት በኋላ አላነበብኩም ማለት አልችልም ነበር። ከዚያ ወዲህ በየሄድኩበት በመጀመሪያው ስብሰባ እንዲህ እላለሁ፦ “የሚከፍለኝ መንግሥቴ ነው። ይህን ገንዘብ የሚያወጣው ነጋዴዎቹ እዚህ የሚያስተማምን ሕግ እንዲያገኙ ጭምር ነው። የምናገረውን ይህን እያሰባችሁ መዝኑት።” ሰዎቹ ነገሩን ድሮም ያውቁታል። ከእኔው አፍ ሲሰሙት ግን ፊታቸው ይፈታል።

ሕጉን የሚጽፉት እነሱ ናቸው። አንቺ ከጻፍሽው ቶሎ ያልቃል፤ ቶሎም ይረሳል። ጃፓን ካምቦዲያን በፍትሐ ብሔር ሕጓ ስታግዝ ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ሕጉ የወጣው በ2007፣ ሥራ ላይ የዋለው በ2011። የሁለቱ አገር ባለሙያዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው አንቀጽ በአንቀጽ ሄዱ፤ በክመር ቋንቋ ስም ላልነበራቸው ጽንሰ ሐሳቦችም ስም ማውጣት ነበረባቸው። አለቆቻችን ይህን ሲሰሙ ይደነግጣሉ፤ የበጀት ዓመት አሥራ ሁለት ወር ነዋ! አሥራ ስምንት ወር ማግኘትሽ ራሱ ዕድል ነው። እኔ ሁለተኛው አገር ላይ የተላክሁት በመጀመሪያ ለአሥር ቀን ነበር።

ስለ ቋንቋው። በመጀመሪያው አገር ስለ ሚንቀሳቀስ ንብረት መያዣ ለአርባ ያህል ዳኞች ሁለት ሰዓት ሙሉ ገለጻ አደረግሁ። ራሳቸውን እየነቀነቁ ስላዳመጡኝ የተሳካልኝ መስሎኝ ነበር። በመጨረሻ ከኋላ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ዳኛ እጃቸውን አነሡና በታላቅ ትሕትና ጠየቁኝ፦ “ባለዕዳው ቢጠፋ የልብስ ስፌት መኪናዋን ነው ፍርድ ቤት ጠርተን ክፈይ የምንላት?” አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ለካ አስተርጓሚው ጠዋቱን ሙሉ “መያዣ” ያልኩትን ሁሉ “ዋስ” እያለ ኖሯል። በእሱ አልፈርድም፤ በእኛስ ቋንቋ “ዋስትና” የሚለው ቃል ሰውንም ንብረትንም ይሸከም የለ? አሁን ከማንኛውም ገለጻ በፊት ሃያ ቃላት ጽፌ ከአስተርጓሚው ጋር ግማሽ ቀን እቀመጣለሁ።

የኮዱ ነገር ደግሞ እንደምታስቢው አያስፈራም፤ ግን የሚያጋጭሽን ቦታ እወቂ። የተባበሩት መንግሥታት የዓለም አቀፍ ንግድ ሕግ ኮሚሽን፣ በአጭሩ አንሲትራል፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው የመያዣ ሞዴል ሕግ፣ አገሮች እንደ ናሙና የሚወስዱት፣ እጅሽ ላይ ይኖራል። በእሱ ሥርዓት ውሉ ራሱ መመዝገብ አያስፈልገውም፤ እገሌ በእገሌ ንብረት ላይ መያዣ አለው የሚል አጭር ማስታወቂያ ይበቃል፤ ቅድሚያውንም በአብዛኛው የሚያገኘው ቀድሞ ያስመዘገበው ነው። እስከዚህ ድረስ ማንም አይጣላሽም። ጠቡ የሚነሣው ሕጉ በዱቤ የሸጠውን ዕቃ ዋጋው ተከፍሎ እስኪያልቅ ባለቤትነቱን ይዞ የሚቆየውን ሻጭም እንደ መያዣ ያዥ ሲቆጥረው ነው። በኮድ ያደገ ዳኛ “ባለቤት ነው አላችሁ፤ ባለቤት የራሱን ንብረት ምን ሊያደርግ ያስመዘግባል?” ይልሻል። ይህን “በሌላው ዓለም እንዲህ ነው” ብለሽ አታልፊውም። ሦስተኛ ወገን ያንን ዕቃ በሻጩ እጅ ሳይሆን በገዢው እጅ አይቶ እንደሚያበድር በምሳሌ ማሳየት አለብሽ። እኔ አራት ስብሰባ ፈጅቶብኛል፤ አሁንም ግማሾቹ አላመኑኝም።

አሁን ግን ከሁሉ በላይ ልነግርሽ የፈለግሁት። በሁለተኛው አገር ረቂቁ ሊያልቅ ሲል፣ ለወጉ ያህል፣ ወደ ንግድ መዝገብ ጽሕፈት ቤት ወረድኩ። ምድር ቤት ነው፤ አንድ መስኮት፣ ሁለት ሠራተኞች። መዝገብ ያዥዋ ሃያ ሁለት ዓመት እዚያው ወንበር ላይ የቆዩ ሴት ናቸው። ረቂቃችን መያዣ በባለዕዳው ስም እንዲመዘገብና በስም እንዲፈለግ ያዝዛል። ሴትዮዋ ንዑስ አንቀጹን ሁለቴ አነበቡትና መሳቢያቸውን ስበው ጠርዙ የተበላ፣ በላስቲክ የታሰረ ደብተር አወጡ። በየገጹ የአንድ ነጋዴ ስም በአራትና በአምስት አጻጻፍ ተደርድሯል፦ ከአባት ስም ጋር፣ ከአያት ስም ጋር፣ በአጭሩ፣ በአሮጌው የፊደል አጣጣልና በአዲሱ። “ባንኩ አንዱን ስም ጽፎ ይመጣል። እኔ ከዚህ አይቼ አምስቱንም እፈልጋለሁ” አሉኝ። ቀጥለውም “ኮምፒውተራችሁ ግን የጻፉለትን ብቻ ነው የሚፈልገው። መያዣ የለበትም ይላል፤ ሁለተኛው ባንክም ያበድራል።”

ስድስት ወር ሙሉ ሦስት የሕግ ባለሙያዎች ያላየነውን ቀዳዳ በሁለት ደቂቃ አሳዩኝ። የባለዕዳው ስም ከየትኛው ሰነድ እንደሚወሰድ ሞዴል ሕጉ ለየአገሩ ክፍት ቦታ ትቶ ነበር፤ እኛ ቦታውን ሳናስብበት ሞልተን አልፈነዋል። በማግስቱ ፍለጋው በግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ቁጥሩ ለሌለው በመታወቂያ ቁጥር እንዲሆን ተስተካከለ። ስለዚህ ጠዋት ምን አደርጋለሁ ላልሽው፦ በመጀመሪያው ወር ምንም አትጻፊ። ደብተሩን መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጠውን ሰው ፈልጊ። ሚኒስቴሩ ውስጥ አታገኚውም።

ጥድፊያውንም ተጠንቀቂ። የዓለም ባንክ አገሮችን ለንግድ ሥራ ባላቸው ምቹነት በደረጃ የሚያስቀምጥበት ሪፖርት በነበረበት ዘመን ሁሉም ሕጉን ከቆጠራው ቀን በፊት ለማውጣት ይሮጥ ነበር። “ደንቡ ይደርሳል፤ አዋጁን ብቻ አውጡልኝ” ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አዋጁ ወጣ፤ መዝገቡ ሳይከፈት ሁለት ዓመት አለፈ። ባንኩ በመረጃው ላይ ያልተገቡ ለውጦች መደረጋቸው ከታወቀ በኋላ ሪፖርቱን እ.ኤ.አ. በ2021 አቋርጦታል። በ2024 የጀመረው አዲሱ ሪፖርት ‘ቢ-ሬዲ’ ከሕጉ ጽሑፍ ሌላ አገልግሎቱንና አፈጻጸሙን ጭምር ይመዝናል። ጥድፊያው ግን ሰበቡን ቀይሮ ይመጣል።

ከተቀባዩ ወገን፦

እኔ አማካሪ የሚላክለት መሥሪያ ቤት ውስጥ ነበርኩ። ከላይ የተጻፈው ደህና ነው፤ ሆኖም ከእኛ ወንበር ሲታይ የጎደለው አለ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ለጋሾች በአንድ ጉዳይ ሁለት ረቂቅ አምጥተውልናል። አንዱ ከኮድ አገር፣ ሌላው ከኮመን ሎው አገር የተቀዳ። ሁለቱም ሽፋናቸው ላይ “ምርጥ ዓለም አቀፍ ተሞክሮ” ይላሉ። ሁለቱ አማካሪዎች አንድ ሆቴል አርፈው ቁርስ ላይ ሰላም ይባባላሉ፤ ስለ ረቂቆቻቸው ግን አልተነጋገሩም። ስለዚህ ስትመጪ አስቀድመሽ ሌላ ማን እያማከረ እንደሆነ ጠይቂ።

ሁለተኛ፣ ሐተታ ዘምክንያት ትተሽ ሂጂ። በእኛ ቋንቋ፤ ለእያንዳንዱ አንቀጽ ለምን እንዲህ ሆነ የሚል። አማካሪው ከሄደ ከአምስት ዓመት በኋላ ዳኛው የሚጠይቀው እኔን ነው፤ እኔ ደግሞ የነበረኝ የስላይድ ወረቀት ብቻ ነበር። የኢትዮጵያን የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ አስቡት። ፈረንሳዊው የሕግ ምሁር ዣን ኤስካራ ጀምረውት ሲሞቱ ሌላው ፈረንሳዊ ዦፍሬ ጨረሱት፤ ረቂቁ በፈረንሳይኛ ተጽፎ ወደ አማርኛ ተተረጎመ። ከፊሉ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 እስኪተካ ድረስ የሕግ ሰዎች አንድ አንቀጽ ሲያደናግራቸው የፈረንሳይኛውን ረቂቅ ፍለጋ ይሄዱ ነበር።

በሌላ በኩል፣ የውጭ ባለሙያ ረቂቅ ተቀባይነት አጣ ማለት ልፋቱ ከንቱ ቀረ ማለት አይደለም። ፈረንሳዊው የሕግ ምሁር ቧሶናድ እ.ኤ.አ. በ1873 ጃፓን ገብተው የደከሙበት የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1890 ታውጆ ሥራ ላይ ሳይውል ታገደ፤ በ1898 ሌላ ተተካ። ያስተማሯቸው ተማሪዎች ግን እዚያው ቀሩ፤ ከአዲሱ ሕግ ሦስት አርቃቂዎች አንዱ ቧሶናድ ካስተማሩበት ትምህርት ቤት የወጣ ነበር።

አስተርጓሚ ነኝ፦

የስፌት መኪናዋን ታሪክ ሳነብ ሳቅሁም፣ አፈርኩም። ከእኛ ወገን አንድ ነገር ልጨምር። ጽሑፉን ከሦስት ቀን በፊት ስጡን። ገለጻው በሚጀመርበት ጠዋት በር ላይ ሰባ ገጽ የሚያስጨብጥ አማካሪ “ዋስ” ቢባልበት አይፍረድብን። ደግሞ ቀልድ አታምጡ። ስንት ጊዜ “አሁን ተናጋሪው ቀልድ ተናግረዋል፤ እባካችሁ ሳቁላቸው” ብዬ አሳልፌያለሁ።

ጀማሪዋ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሦስት አገር የተላኩት፣ እርስዎን ሁለት ነገር ልጠይቅዎት። ስለ ኪሳራ ሕጉ ምንም አላሉም። ሁለተኛው ደግሞ ለመጠየቅ የሚያሳፍር ነው፤ ስመለስ ወንበሬን አገኘዋለሁ?

ሦስት አገር የተላከ፦

አያሳፍርም። ወንበሩን በጽሑፍ አስይዢው፤ የምትመለሺበት የሥራ መደብና ደረጃ በመላኪያ ደብዳቤው ላይ ይስፈር። እኔ በቃል ተስፋ ሄጄ ስመለስ ቢሮዬ የዕቃ መጋዘን ሆኖ ነው ያገኘሁት። እድገትም አልፎኛል። አልጸጸትም፤ ግን አንቺ ሳታውቂው እንዲደርስብሽ አልፈልግም።

ኪሳራውን በተመለከተ፣ ሁሉም እ.ኤ.አ. በ1997 ስለወጣው የድንበር ተሻጋሪ ኪሳራ ሞዴል ሕግ ሊያወራሽ ይፈልጋል። ያማረ ሕግ ነው። እኔ በነበርኩበት አገር ግን የአገር ውስጡ የኪሳራ ፋይል ራሱ አይንቀሳቀስም ነበር። አንድ ዳኛ ይዘውኝ ሄደው መጋዘን አሳዩኝ። ጣሪያው ያፈሰሰ፣ ማሽኖቹ የዛጉ፣ በሩ ላይ ሰም የታተመ። ፋይሉ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ምክንያቱን ስጠይቅ፣ የከሰረውን ድርጅት ንብረት የሚያጣራው ባለሙያ አበሉን የሚያገኘው ከሁሉም ባለገንዘቦች በኋላ ነው፤ ስለዚህ ሹመቱን የሚቀበል ጠፋ። አንድ ንዑስ አንቀጽ ነው። ያንን ተርታ ወደ ላይ ማውጣት ከሃምሳ ገጽ ማሻሻያ ይበልጥ ነበር። ከተቀባዩ ወገን የጻፉት ስለ ሐተታው ያሉትንም አምኛለሁ፤ እኔ ያንን አላደረግሁም፤ በሁለት አገር ዕዳ አለብኝ።

ጀማሪዋ፦

ዛሬ አለቃዬ ዘንድ ገብቼ ነበር። የመመለሻውን ደረጃ በደብዳቤው ላይ ለማስፈር ተስማማች። በመጀመሪያው ወር መዝገብ ቤትና ፍርድ ቤት እየዞርኩ እንድቀመጥ ይጻፍልኝ ስላት “ይህ በየትኛው ተግባር ሥር ይገባል?” ብላ ብዙ አሰበች። በመጨረሻ አዲስ መስመር ጨመረችልኝ፤ “የቴክኒክ ድጋፍ መስጠት” የሚለው ሐረግ አሁን አምስት ሆኗል።