ወንድሜ ከሆስፒታል ወጣ፤ ቀጠሮው ግን ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው

የሳቢያን ልጅ (ሚኒሶታ)

ሰላም የድሬና የሐረር ልጆች። ማንነቴን የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ስሜን እዚህ አታንሱ።

ታናሽ ወንድሜ 27 ዓመቱ ነው፤ አሜሪካ ከመጣ ሦስት ዓመት ሆነው። መጋዘን ውስጥ የማታ ፈረቃ ይሠራል። ሌሊቱን በደረቅ ጫት ነቅቶ ያድርና ጠዋት እንቅልፍ እንዲወስደው ይጠጣል። ድሬ ሳለን ጨብሲ ብለን የምንስቅበት ነገር እዚህ ብቻውን፣ መጋረጃ ዘግቶ የሚያደርገው ሆነ። ባለፈው ወር «ሰዎች ይከታተሉኛል» ማለት ጀመረ። ሦስት ሌሊት ሳይተኛ ሲቀር አምቡላንስ ጠራሁ። አሥር ቀን የሥነ አእምሮ ክፍል ተኝቶ ዓርብ ወጣ። የሠላሳ ቀን ክኒን ሰጡት፤ ሐኪም የሚያየው ግን ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። በመሃል ያሉትን ቀናት እናንተው ቁጠሯቸው።

እናቴ ደግሞ በየቀኑ ትደውላለች። «ልጄን ላኪልኝ፣ ለቁልቢ ተስያለሁ» ትላለች። ቀጠሮውን ማስቀደም ይቻላል? ልላከው ወይስ ላቆየው?

የለገሃሬ ልጅ (ቨርጂንያ)

እኅቴ፣ ሆስፒታል ውስጥ ማኅበራዊ ሠራተኛ ነኝ፤ ይረዝማልና ታገሺኝ። ስድስት ሳምንቱን ተቀብለሽ እንዳትቀመጪ። እዚህ አገር የጤና መድን ድርጅቶች ከሚመዘኑባቸው ነገሮች አንዱ፣ በአእምሮ ሕመም ተኝቶ የወጣ ሰው በ7 ቀን ውስጥ፣ ቢዘገይ በ30 ቀን ውስጥ ባለሙያ አይቶታል ወይ የሚለው ነው። በሱስ ምክንያት ድንገተኛ ክፍል ገብቶ ለወጣ ሰውም ቁጥሮቹ እነዚሁ ናቸው። ቀኑ ቢያልፍ ማንም አይታሰርም፤ ነገር ግን መድኑ የሚጨነቅበት ቁጥር ስለሆነ ላንቺ ጉልበት ይሆንሻል። ከካርዱ ጀርባ ባለው ስልክ ደውለሽ «ዓርብ ከሥነ አእምሮ ክፍል ወጣ፣ በሰባት ቀን ውስጥ የሚያየው አላገኘንም፣ ጉዳዩን የሚከታተል ሠራተኛ መድቡልን» በይ። የግድ ሐኪም ካልሆነ አትበይ፤ የሥነ ልቦና አማካሪም፣ መድኃኒት የማዘዝ ፈቃድ ያላት የሥነ አእምሮ ነርስም ትሆናለች፤ በቪዲዮም ይሆናል። ክኒኑን እስከ ቀጠሮው የቤተሰብ ሐኪሙ ያድስለት እንደሆነ ዛሬውኑ ጠይቂ። መድኑ ሜዲኬድ (መንግሥት ገቢው ዝቅ ላለ ሰው የሚሰጠው መድን) ከሆነ ወደ ሕክምና የሚያመላልሰውን መኪናም ይሸፍናል፤ ይህን የማያውቅ ሐበሻ ብዙ ነው።

ሌላው ፊርማ ነው። ሙሉ ሰው ስለሆነ ሐኪሙ ስለ እሱ እንዲያዋራሽ እሱ ይፈርም። የሱስ ሕክምና መዝገብ ጠበቅ ባለ የፌዴራል ደንብ የተቆለፈ ነውና ፈቃዱ ያንንም መጥቀሱን አረጋግጪ። ባይፈርም እንኳን ያየሽውን ለሐኪሙ ከመንገር የሚከለክልሽ የለም።

መጠጡን በድንገት ሲያቆም ከተንቀጠቀጠ ወይም ከቀባዠረ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ እሱ ይገድላል። ከሆስፒታል በወጡ የመጀመሪያ ሳምንታት ራስን የማጥፋት አደጋም ከፍ ይላል። ሞትን ካነሳ ወደ 988፣ ለእንዲህ ያለ ጊዜ ወደ ተዘጋጀው የእርዳታ ስልክ፣ ደውሉ።

የሳቢያን ልጅ (ሚኒሶታ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ። አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ቀረሁ። ሆስፒታል ሳለ አስተርጓሚ በስልክ አመጡለት። ሴትየዋ ሁለት ዓረፍተ ነገር እንደ ተናገረች የድሬ ሰው መሆኗን አወቀ። ከዚያ በኋላ ለጥያቄው ሁሉ መልሱ «ደህና ነኝ» ሆነ።

የለገሃሬ ልጅ (ቨርጂንያ)

አስተርጓሚ ማግኘት መብቱ ነው፤ ክፍያም የለውም። ሌላ ግዛት የምትኖር ወይም የሚኖር ይሁንልኝ ማለት ይችላል። ስሙን ለአስተርጓሚ እንዳይናገሩም ይጠይቅ።

የከዚራ እናት (ሮም)

ልጄ፣ ላኪው። ሰው የሚድነው ወገኑ መሃል ነው። እኔ እዚህ ስንት ዘመን ኖሬ አሁንም ሌሊት የባቡሩ ጡሩንባ ይቀሰቅሰኛል፤ ተነሥቼ ሳዳምጥ ትራም ነው። ለታኅሣሥ 19 ቁልቢ ይድረስ፤ ፀበሉን ይጠመቅ፣ ክኒኑንም ይዋጥ። ገብርኤል በክኒን አይቀናም። ጎረቤቶቻችን ቁርአን ያስቀሩለታል፤ ድሬ እንዲህ ናት። ደግሞ አንቱ ልትሉኝ እንዳትሞክሩ፣ የድሬ ልጅ አንቱ አያውቅም።

የጁገል ልጅ (ሐረር)

እማማ፣ ክኒኑንም ይዋጥ ማለትሽ ጥሩ ነው፤ ፀበል ቦታ «መድኃኒቱን ጣል» የሚል ሰው አጋጥሞናልና። እኔ ከካናዳ ተመልሼ ሐረር ነው የምኖረው። ድሮ «አማኑኤል ካልሄደ» ይባል ነበር፤ አሁን ሐረርም ድሬም የሥነ አእምሮ ሕክምና አለ። የሚያስቸግረው መቀጠሉ ነው። የእኅቴ ባል በወር አንዴ መርፌ ይወጋል። አንድ ወር መድኃኒቱ ሲጠፋ አዲስ አበባ ሰው ልከን አስመጣን። ሰው ባይኖረንስ? «ተሽሎታል» ተብሎ ይቀራል፣ ከሁለት ወር በኋላ እንደገና አንድ ብለን እንጀምራለን።

ደግሞስ ከጫት አርቀሽ ወደ ጫት ገበያዋ ወደ አወዳይ ጎረቤት ልትልኪው ነው? ከምሳ በኋላ የጫት ገራባ የማይረግፍበት ቤት እስኪ ንገሩኝ። እሳትና ጭድ ነው።

የመጋላ ልጅ (ለንደን)

ሁሉ ነገር ጫት ላይ ይለጠፍ እንዴ! አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ቅሟል፤ አንድ ቀን ሱቁን ዘግቶ፣ ሶላት አሳልፎ አያውቅም። እዚህም እስከ 2014 እ.ኤ.አ. በሕግ እየተሸጠ ነበር። ልጁን ያሳመመው ብቸኝነትና የማታ ፈረቃ ነው።

የጁገል ልጅ (ሐረር)

አባትህ የቃመው ከሰው ጋር ነው፤ ጨዋታው ሲያልቅ እሱም ይነሣል። ይህ ልጅ የጫቱን ዱካክም ብቻውን ነው የሚጋፈጠው። ሰዎች ይከታተሉኛል ለሚል ሰው ጫት ምን እንደሚያደርግ የሚያስታምም ቤተሰብ ይጠየቅ።

የለገሃሬ ልጅ (ቨርጂንያ)

ወደ ጥያቄዋ እንመለስ። ጫት እዚህ ክልክል ነው፤ ግሪን ካርድ ላለው ሰው ደግሞ ጣጣው ፍርድ ቤት ላይ አያበቃም። ከተላከም፣ ከአገር ወጥቶ ከዓመት በላይ ከቆየ ግሪን ካርዱ አይመልሰውም፤ የመመለሻ ፈቃዱን ማመልከት ያለበት ደግሞ ሳይወጣ ነው። ሜዲኬዱም አይጠብቀውም።

የመጋላ ልጅ (ለንደን)

ለመሆኑ እናትየዋ የናፈቃት ልጁ ነው ወይስ በየወሩ የሚልከው?

የከዚራ እናት (ሮም)

አፍህን ተጉመጥመጥ! የሰው እናት እንዲህ አይባልም።

የሳቢያን ልጅ (ሚኒሶታ)

ተውት እማማ። ከመጋቢት ጀምሮ በእሱ ስም የምልከው እኔ ነኝ፤ እናቴ አታውቅም። ደግ ልጅ ነው ብላ የምትመርቀው እሱን ነው።

ዛሬ በምሳ ሰዓቴ ደወልኩ። አርባ ደቂቃ ሙዚቃ አስደመጡኝና ሐሙስ በቪዲዮ አንዲት ነርስ ታየዋለች አሉ። ከወጣ ስድስተኛ ቀኑ ይሆናል። አስተርጓሚው ከሌላ ግዛት ይሆናል ብለዋል። እሱ ግን እኔ ከቤት ካልወጣሁ አልናገርም አለ፤ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ እጠብቀዋለሁ። ለእናቴ ምን እንደምል አሁንም አላውቅም። ትኬቱን አልቆረጥኩም፣ አልቆርጥም ብዬም አልነገርኳትም።

የመጋላ ልጅ (ለንደን)

ይቅርታ እኅቴ፣ ስለ እናትሽ ያልኩት ስሕተት ነው። ጫቱን ግን አልለቅም። ደረቁንና እርጥቡን አንድ ያደረገው ማን ነው? ጫት በተቆረጠ በሁለት ቀን ጉልበቱ ይወርዳል፤ የአወዳይ መኪኖች እንደዚያ የሚበርሩት ለምን ይመስላችኋል?

የጁገል ልጅ (ሐረር)

በሩ ላይ ቆሜ ሲያልፉ እያየሁ ለእኔ ትነግረኛለህ?