ደሴ የጠቅላላ ዕውቀት ሊግ፦ ጭቅጭቅ የማያስነሳ ጥያቄ እንዴት ይወጣል?

ፒያሳ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ ካፌ ውስጥ ሐሙስ ሐሙስ ማታ የጠቅላላ ዕውቀት ሊግ ሊጀመር ነው። 8 ቡድን አለ፣ በቡድን ቢበዛ 5 ሰው። ሁለቱ ቡድኖች ከኮምቦልቻ ስለሚመጡ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሳያልፍ ማለቅ አለበት። ያሰብኩት 40 ጥያቄ በ4 ዙር ነው፦ ታሪክና ጂኦግራፊ፣ ስፖርት፣ ሳይንስ፣ ወሎ።

ጥያቄ ሞልቷል። የሚያሳስበኝ «የኛም መልስ እኮ ልክ ነው» የሚል ቡድን ሲነሳ ዳኛው ምን እንደሚል ነው። ሁለት ቡድን እኩል ሲወጣስ? ለናሙና አምስት ጥያቄ ይኸው፣ ሳትራሩ ተቹልኝ፦

1. አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ያሸነፈው መቼ ነው?
2. ውሃ በስንት ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል?
3. በኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ማን ናት?
4. የራስ ዳሸን ከፍታ ስንት ሜትር ነው?
5. የዓለም ትልቁ በረሃ የትኛው ነው?

ጦሳ ሥር

አብሽር፣ ይስተካከላል። ግን አምስቱም እንዳሉ ከቀረቡ አምስቱም ያጣላሉ።

1ኛው የዘመን አቆጣጠሩን አልተናገረም። ውድድሩ የተካሄደው በፈረንጆች ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ነው፣ በእኛ ጳጉሜ 5 ቀን 1952። አንዱ ቡድን 1960 ይጽፋል፣ ሌላው 1952፣ ሦስተኛው ደግሞ በችኮላ 7 ቀንሶ 1953 ይላል። 7 የሚቀነሰው ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ላለው ጊዜ ብቻ ነው፤ ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜ መጨረሻ 8 ነው። ስለዚህ የዓመት ጥያቄ ሁሉ መጨረሻው ላይ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ወይም «በአውሮፓ አቆጣጠር» ይባልበት። የአገር ውስጥ ታሪክ በእኛ፣ የውጭው በእነሱ ቢሆን ተጫዋቹ ቶሎ ይለምደዋል። ቀንና ወር ስትጠይቅ ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቅ። የዓድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ነው፤ ያ ዕለት በፈረንጆች ማርች 1 ቀን 1896 ነበር። ዛሬ ግን የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ላይ ነው፤ 1900 በእነሱ አቆጣጠር ሠግር ዓመት (ፌብሩዋሪ 29 ያለበት) ስላልነበረ በአንድ ቀን ተንሸራቷል። ስልኩ ላይ በዛሬው ስሌት የለወጠ ሰው ማርች 2 ብሎ ይሟገትሃል።

2ኛውን ደሴ ላይ መጠየቅ ያስቃል። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በየ300 ሜትሩ የመፍሊያ ነጥቡ ወደ 1 ዲግሪ ስለሚወርድ፣ እዚህ ምድጃችን ላይ ውሃ የሚፈላው 91 ወይም 92 ዲግሪ ላይ ነው። ኮምቦልቻ ዝቅ ስለሚል 94 አካባቢ ይሆናል። የፊዚክስ መምህር ያለበት ቡድን 92 ብሎ ጽፎ ቢሟገት እውነቱን ነው። «በባሕር ወለል ላይ» የምትል ሐረግ ጨምር፣ አለቀ። ወይ ደግሞ አዙረህ ጠይቀው፦ «ንጹሕ ውሃ ቶሎ፣ ማለትም በዝቅተኛ ሙቀት፣ የሚፈላው ደሴ ነው ኮምቦልቻ?» ይህኛው የተሻለ ጥያቄ ነው፤ የሸመደደውን ሳይሆን ያሰበውን ይለያል።

3ኛው ላይ አዳራሹ በአንድ ድምፅ «ደራርቱ!» ይላል። ደራርቱ ቱሉ በ1992 ባርሴሎና በ10,000 ሜትር ስታሸንፍ የመጀመሪያዋ *ጥቁር* አፍሪካዊት ባለወርቅ ሆናለች። ከእሷ በፊት ግን የሞሮኮዋ ነዋል ኤል ሙተወኪል በ1984 ሎስ አንጀለስ በ400 ሜትር መሰናክል ወርቅ ወስዳለች፤ ከሁለቱም በፊት ደቡብ አፍሪካዊቷ ኤስተር ብራንድ በ1952 ሄልሲንኪ በከፍታ ዝላይ አሸንፋለች። «ጥቁር» የሚለው ቃል ካልተጨመረ «ደራርቱ» የሚለው መልስ ስሕተት ነው።

4ኛውን ጣለው። ከፍታው በየመጽሐፉ ይለያያል፦ 4,620 ያለው አለ፣ 4,550 ያለው አለ፣ 4,533 ያለውም አለ። ተራራውን ጠይቅ እንጂ ቁጥሩን አትጠይቅ።

5ኛው «ሞቃታማ» ይጎድለዋል። በረሃነት በዝናብ ማነስ ከተለካ ትልቁ አንታርክቲካ ነው፤ ሰሃራ ከሞቃታማዎቹ ነው አንደኛ።

ሰኞ ገበያ

ከላይ ያለው ላይ አንድ ልጨምር፦ ጊዜው ያለፈበት መልስ። ብዙ ሰው የሚመልሰው ትምህርት ቤት ከተማረው ነው፣ ዓለም ግን ይለወጣል። በስፋት የአፍሪካ ትልቋ አገር ሱዳን ነበረች፤ ደቡብ ሱዳን ከተገነጠለች ከ2011 ወዲህ አልጄሪያ ናት። የቡሩንዲ ዋና ከተማ ከ2019 ጀምሮ ጊቴጋ ነው፣ ቡጁምቡራ የኢኮኖሚ ማዕከል ሆኖ ቀርቷል። ስዋዚላንድ ከ2018 ጀምሮ ኢስዋቲኒ። የሕዝብ ብዛት መሪነቱን ሕንድ በ2023 ከቻይና ወስዳለች። የኛም አገር ክልሎች አሁን 12 ናቸው፤ 9 ብሎ የተማረ ግን አሁንም 9 ይጽፋል።

እነዚህ ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው፣ መልሱን በዚያው ሳምንት ካረጋገጥክ። በየዓመቱ የሚለወጡትን ግን (የጁፒተርና የሳተርን ጨረቃዎች ብዛት፣ በዩኔስኮ የተመዘገቡ ቅርሶቻችን ቁጥር) ባትነካቸው ይሻላል። የቅርሶቹ ቁጥር በ2023ም በ2024ም ጨምሯል። የደቡብ አፍሪካን «ዋና ከተማ» በነጠላ መጠየቅም አይሆንም፣ ሦስት ናቸው፦ ፕሪቶሪያ፣ ኬፕ ታውን፣ ብሉምፎንቴን።

የቦርከና ልጅ

እኔ ጥያቄውን ትቼ ስለ አመራሩ ልናገር፤ ጥሩ ጥያቄ በመጥፎ እርማት ይበላሻል።

ሰዓቱ ይበቃሃል። እያንዳንዱ ጥያቄ ሁለት ጊዜ ተነቦ ለመጻፍ 40 ሰከንድ ቢሰጠው አንድ ዙር 10 ደቂቃ ይፈጃል። ዙሩ ሲያልቅ አስሩንም በፍጥነት ለመድገም 2 ደቂቃ፣ ለእርማት 4። አራቱ ዙር 64 ደቂቃ፣ መሐል ላይ 10 ደቂቃ ዕረፍት፣ ውጤት መናገሪያ 5። 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከጀመርክ ለ2 ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀረው ትጨርሳለህ። የሚያዘገይህ ዘግይቶ የሚመጣ ቡድን ነው፤ አትጠብቀው። ከገባበት ጥያቄ ይጀምር፣ ያለፈው አይደገምለትም።

ወረቀት በየዙሩ ለየብቻ ይሁን፣ ግማሽ ኤፎር ይበቃል። ቡድኖች ሲተራረሙ ሁለት ሁለት ሆነው አይለዋወጡ፤ «አንተ ለኔ፣ እኔ ላንተ» ይመጣል። በክብ ይዙር፦ አንደኛ ለሁለተኛ፣ ሁለተኛ ለሦስተኛ፣ ስምንተኛው ለአንደኛ። ማረሚያው ቀይ እስክሪብቶ፣ መጻፊያው ሰማያዊ፤ ቀዩን ከዙሩ በኋላ አድል፣ ከእርማት በኋላ ሰብስብ። የሦስቱን መሪዎች ወረቀት አንተ ራስህ እንደገና እየው። የፊደል ስሕተት ነጥብ አያስቀንስ፤ በ«ሐ» ጻፈው በ«ኀ» ለመልሱ ለውጥ የለውም። የውጭ ስምም ሲነበብ ያው ሰው ከሆነ ይያዝለት።

አቤቱታ በቃል አይሰማ። የቡድኑ አለቃ ብቻ፣ በወረቀት፣ ቀጣዩ ዙር ከመጀመሩ በፊት። ዳኛው ያለው ምርጫ ሦስት ነው፦ አይሆንም ማለት፣ ሁለቱንም መልስ መቀበል፣ ጥያቄውን ለሁሉም መሰረዝ። አቤት ላለው ቡድን ብቻ ነጥብ መስጠት የለም፤ ያንኑ መልስ ጽፎ ዝም ያለ ሌላ ቡድን ይኖራላ።

ለሊጉ ሰንጠረዥ ጥሬ ነጥብ አትደምር። ጥያቄው ከባድ በሆነበት ሳምንት ልዩነቱ ይሰፋና አንድ ማታ የቀረ ቡድን ተመልሶ አይደርስም። በደረጃ ስጥ፦ አንደኛ 8፣ ሁለተኛ 7፣ እያለ እስከ 1። ሁለት ቡድን ሁለተኛነትን ከተጋሩ 7 እና 6 ተደምሮ ለሁለት ይካፈል፣ ለየራሳቸው 6.5። ከየቡድኑ መጥፎው አንድ ሳምንት ቢሰረዝ ደግሞ ከኮምቦልቻ ለሚመጡት ፍትሕ ነው፤ መንገድ አለ፣ ዝናብ አለ።

አንደኝነት ላይ አቻ ከሆነ ግን መለያ ያስፈልጋል። ቁጥር የሚገመትበት አንድ ጥያቄ ይጠየቅ፣ ሁለቱም በምስጢር ይጻፉ፣ የቀረበው ያሸንፍ፤ ርቀቱም እኩል ከሆነ ቀድሞ ያስረከበው። ቁጥሩ ከእንግዲህ የማይለወጥ ይሁን። ለምሳሌ «በ2022ቱ የዓለም ዋንጫ በ64ቱ ጨዋታዎች ስንት ጎል ተቆጠረ?» 172 ነው፣ የመለያ ምቶች አይቆጠሩም። ይህንን የመጨረሻውን ከጥያቄው ጋር አብረህ አንብበው።

እታለም ከሸዋ በር

ወሎ ዙር ላይ ሁሉም የሚያውቀውን ብቻ አትደርድር። የውጫሌ ውል አከራካሪ አንቀጽ (17)፣ የአይጠየፍን አዳራሽ ያሠራው (ንጉሥ ሚካኤል)፣ እነዚህ ለመግቢያ ጥሩ ናቸው፣ ግን ስምንቱም ቡድን ይመልሳቸዋል። ቦርከና ወዴት እንደሚፈስ ጠይቁ፦ ወደ አዋሽ፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። በሺሎ ግን ወደ ዓባይ ነው። «ከቦርከናና ከበሺሎ የሜዲትራንያን ባሕር የሚደርሰው የማን ውሃ ነው?» ቢባል ግማሹ ቡድን ያስባል፣ ግማሹ ይገምታል። የሚፈለገውም እሱ ነው። ከአሥሩ ሦስቱን ሁሉም፣ አምስቱን ግማሹ፣ ሁለቱን አንድ ወይም ሁለት ቡድን ቢመልስ ዙሩ ሚዛኑን ይይዛል። ሁሉም ያገኘው ወይም ሁሉም የሳተው ጥያቄ ማንንም ከማንም አልለየም፤ በየጥያቄው ስንት ቡድን እንደመለሰ በየሳምንቱ ጻፈው።

ድምፅም ጨምርበት። ክራር ብቻ፣ ዘፈን የሌለበት፣ 20 ሰከንድ ይሰማና «ቅኝቱ ምንድነው?» ይባል፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። ትዝታ ሜጀርም ማይነርም ቢሆን «ትዝታ» ያለ ይያዝለት። ስፒከሩ ባትሪ ያለው ይሁን፣ ጥያቄውም በወረቀት ይታተም፤ መብራት ሲጠፋ ላፕቶፕ ላይ ያለ ጥያቄ አብሮ ይጠፋል።

ሃይማኖት ነክ ጥያቄ ከገባ ሚዛኑን ጠብቅ። «ጳጉሜ 6 የምትሆነው በማን ዘመን መጨረሻ ነው?» (ሉቃስ፤ ብዙው ዮሐንስ ይላል) ብለህ ከጠየቅህ፣ «የሒጅራ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በስንት ቀን ግድም ያጥራል?» (11) የሚለውንም አስገባ።

ሽልማቱን ደግሞ ሥጋም ቢራም አታድርጉት። አንድ ቡድን ውስጥ ሙስሊምም ክርስቲያንም አለ፤ ጥብሱን አንድ ትሪ ላይ አይበሉትም፣ ቢራውን ግማሹ አይነካውም። የሞባይል ካርድ ለሁሉም ይሆናል፣ ኬክም እንደዚያው፣ የጾሙ ወቅት ካልሆነ። ረመዳን ሲገባ ሊጉን አቁሙት፤ 12 ሰዓት ተኩል የኢፍጣር ሰዓት ነው፣ ተከትሎ ተራዊሕ (የረመዳን የማታ ሶላት) አለ።

ፒያሳ ማታ

እግዜር ይስጥልኝ፣ አላህ ይስጥልኝ። 1፣ 2፣ 3 እና 5ን አስተካክያለሁ፣ ራስ ዳሸንን ጥዬዋለሁ። አንድ ቀረኝ፦ ስልክ። ሰብስቤ ቅርጫት ውስጥ ላስቀምጥ?

የቦርከና ልጅ

አትሰብስብ፤ አንዱ ቢጠፋ ተጠያቂው አንተ ነህ። ጠረጴዛው መሐል ላይ ተደፍቶ ይቀመጥ፣ ሰው ሁሉ እያየው። የተነሳ ስልክ ከታየ የዚያ ዙር ወረቀት ዜሮ። ስልክ የሚደወልለት ሰው ውጭ ይውጣ፣ እስኪመለስ ድረስ የተጠየቀውን ቡድኑ ያለሱ ይመልሳል። ሲመለስም ያለፈውን ጥያቄ አይንገሩት፤ ውጭ ፈልጎት ሊሆን ይችላል።