የንግግር ውድድርና ቲያትር በአንድ መድረክ፤ ከመጋረጃ ጀርባ 6 ተማሪ ይበቃል?

የክበብ መምህር፦
ሰላም ለሁላችሁ። 12 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚወዳደሩበት የንግግር ውድድር አለን፤ ወዲያው ተከትሎ 25 ደቂቃ የሚፈጅ ቲያትር ይታያል። ለአንድ ተናጋሪ የተሰጠው 5 ደቂቃ ነው። ያለን ዕቃ፦ አንድ ባለገመድ ማይክ ከነማቆሚያው፣ ሁለት ገመድ አልባ ማይክ፣ ሁለት ስፒከር፣ ባለ 500 ዋት አራት መብራት፣ በገመድ የሚሳብ መጋረጃ። ከጀርባ የሚሠሩት 6 ተማሪዎች ናቸው። ሥራውን እንዴት ላከፋፍላቸው? ከውድድሩ ወደ ቲያትሩ ስንሻገር መድረኩ ለረጅም ጊዜ ባዶ እንዳይሆንስ ምን ይደረግ? ማይኩም በልምምድ ላይ እየጮኸ አስቸግሯል።

መጋረጃ ሳቢ፦
6 ሰው ይበቃል። አንድ የመድረክ አስተባባሪ፣ አንድ ድምፅ፣ አንድ መብራት፣ አንድ መጋረጃ፣ ሁለት ዕቃ አቀባይ። በውድድሩ ሰዓት ከሁለቱ ዕቃ አቀባዮች አንዱ ቀጣዩን ተናጋሪ ጎን ላይ ያቆማል፣ ሌላው የማይኩን ቁመት ያስተካክላል። ሰዓት ያዡን ከነዚህ ላይ አይቀንሱ፤ እሱ ከዳኞች ጋር አዳራሹ ውስጥ ነው የሚቀመጠው።

ጊዜውን 12 በ5 አባዝተው 60 ደቂቃ ብለው ካሰቡ ግን ፕሮግራሙ ከጅምሩ ይዘገያል። አንዱ ወርዶ ሌላው እስኪወጣና ዳኞች ነጥባቸውን ጽፈው እስኪጨርሱ 2 ደቂቃ ይሄዳል። ስለዚህ በአንድ ሰው 7፣ በድምሩ 84 ደቂቃ ይያዙ።

የመሻገሪያው መፍትሔ ቀላል ነው። ውድድሩ መጋረጃው ተዘግቶ ከፊቱ ባለው የመድረክ ክፍል ላይ ይካሄድ፣ የቲያትሩ ቤትና ዕቃ ደግሞ ከመጋረጃው ኋላ አስቀድሞ ተደርድሮ ይጠብቅ። ውድድሩ ሲያልቅ የሚነሳው አትሮኖሱና ማይኩ ብቻ ይሆናል፤ ሁለት ሰው በአንድ ደቂቃ ያነሳዋል። አንድ አደጋ አለው፦ ከኋላ ሰው ከተንቀሳቀሰ ጨርቁ ይወዛወዛል፣ የተመልካቹም ዓይን ከተናጋሪው ላይ ይነሳል። ይህ ደግሞ በዚያች ደቂቃ የሚናገረውን ልጅ ብቻ የሚጎዳ አድልዎ ነው። ስለዚህ ንግግር ተጀምሮ እስኪያልቅ ከመጋረጃው ኋላ ማንም አይራመድ።

ድምፅና መብራት፦
ማይክ የሚጮኸው ከስፒከሩ የወጣው ድምፅ ተመልሶ ማይኩ ውስጥ ሲገባና እንደገና ሲጎላ ነው። በመጀመሪያ ስፒከሮቹን ከማይኩ ይልቅ ወደ ተመልካቹ አቅርበው፣ ፊታቸውን ወደ ተመልካች አዙረው ያስቀምጡ። ቀጥሎ በሥራ ላይ ያልሆኑትን ማይኮች ሚክሰሩ (የማይኮቹን ድምፅ የሚቆጣጠረው መሣሪያ) ላይ ይዝጉ። ሦስተኛው ርቀት ነው፤ ማይኩ ከአፍ 10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ልጁ 40 ላይ ከቆመ ድምፅ ለማሰማት ብዙ ከፍ ማድረግ ግድ ይሆናል፣ ጩኸቱም የሚመጣው ያኔ ነው። የማይኩን ጭንቅላት በመዳፍ መሸፈንም ያስጮኸዋል።

ማይኩን ከአፍ ትይዩ ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን ያድርጉት። «በ» እና «ፐ» ከከንፈር የሚገፉት አየር ቀጥታ ሲመታው ስፒከሩ ላይ ድብ ድብ ይላል፤ አማርኛችን ደግሞ በ«በ» የሚጀምር ቃል ሞልቶታል።

መብራቱን በተመለከተ፦ አራት ባለ 500 ዋት 2000 ዋት ነው። መስመሩ 220 ቮልት፣ 10 አምፔር ከሆነ የሚሸከመው 2200 ነው። እዚያው ላይ ሌላ ነገር አይሰኩ፣ ሚክሰሩንም ለብቻው ሌላ መስመር ላይ ያድርጉት። የተጠቀለለ ኤክስቴንሽን ሙሉ በሙሉ ይዘርጋ፤ እንደተጠቀለለ ከባድ ጭነት ከተሸከመ ይግላል፣ ልባሱም ሊቀልጥ ይችላል። መሬት ላይ ያለ ገመድ በጨርቅ ፕላስተር በቁመቱ ሙሉ ይለጠፍ። የካርቶን ማሸጊያው ፕላስተር ያብለጨልጫል፣ ሲነሳም ሙጫው ገመዱ ላይ ይቀራል።

የትእዛዝ ደብተር፦
ከላይ በተባለው ላይ አንድ ነገር ልቃወም። በየተናጋሪው መሃል ማይክ አስተካካይ መድረክ ላይ ሲመላለስ ጊዜ ይበላል። በልምምዱ ቀን የ12ቱን ቁመት ይለኩና ማቆሚያው ላይ በሦስት ቀለም ፕላስተር አጭር፣ መካከለኛ፣ ረጅም ብለው ምልክት ያድርጉ። ተናጋሪዎቹ በዕጣ ከተደለደሉ በኋላ አስተካካዩ ዝርዝሩን ይዞ፣ ቀለሙ ሲለወጥ ብቻ ይውጣ።

ለቲያትሩ አስተባባሪው ድርሰቱን በአንድ በኩል ብቻ አትሞ፣ ባዶው ገጽ ላይ እያንዳንዱን የመብራት፣ የድምፅና የመጋረጃ ለውጥ በተራ ቁጥር ይጻፍ። ጥሪው ሁለት ደረጃ አለው፦ «መብራት 14 ተዘጋጅ»፣ ከዚያ በሰዓቱ «14 ጎ» (ከእንግሊዝኛው go)። «ሂድ» እንዳይሉ እመክራለሁ፤ ለሴቷ «ሂጂ»፣ ለሁለቱ «ሂዱ» እያለ ይለዋወጣል፣ በተራ ወሬ ውስጥም ስለሚገባ መብራት ያለጊዜው ይጠፋል። የምትመርጡት ቃል አጭርና የማይለዋወጥ ይሁን፣ ለሌላ ጉዳይም አይነገር።

የዕቃ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ወረቀት ይለጠፍ፣ የእያንዳንዱ ዕቃ ቅርጽ በእስክሪብቶ ዙሪያው ተሰምሮ ስሙ ይጻፍበት። ባዶ የቀረ ቅርጽ ከታየ የጎደለው ዕቃ ወዲያው ይታወቃል። ሠራተኞቹ ጥቁር ልብስና ድምፅ የሌለው ጫማ ያድርጉ፤ የእጅ ባትሪያቸው ሰማያዊ ፕላስቲክ ይሸፈንበት። የደረጃ ጠርዝ ላይ ነጭ ፕላስተር አይረሳ።

የክበብ መምህር፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ የቀረኝ፦ ሰዓት ያዡ በ4 ደቂቃ ቢጫ፣ በ5 ቀይ ካርድ ያሳያል፤ ተናጋሪዎቹ ግን በልምምድ ላይ አናየውም አሉ።

ድምፅና መብራት፦
መብራቱ ፊታቸው ላይ ስለሆነ ጨለማው ውስጥ ያለ ካርድ አይታያቸውም። ሰዓት ያዡ የፊተኛው ረድፍ መሃል ላይ ይቀመጥ፣ ካርዱን ከታች የሚያበራ ትንሽ መብራትም ይኑረው፤ ብርሃኑ ወደ ተናጋሪው ዓይን አይዙር። ሁለቱን የፊት መብራቶች ደግሞ ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ ያህል አድርጓቸው። ከፊት ለፊት ቀጥታ ሲመጣ ነው የሚያሳውረው። ካርዱ ለ12ቱም ከአንድ ቦታ መታየቱን በልምምዱ ቀን አንድ በአንድ አቁመው ይጠይቋቸው። ሰዓቱም መቆጠር የሚጀምረው ልጁ ወደ ማይኩ ሲራመድ ሳይሆን የመጀመሪያዋን ቃል ሲያወጣ ነው።