ባቡር በሌለበት ሀዲድ የእግር መንገድ ማውጣት ይቻላል?

ሰላም ወገኖች፣ እንደምን ከረማችሁ? ከኮምቦልቻ ወጣ ካለች ገጠር ነው የምጽፈው። ግራ ገብቶናልና ምክር ስጡን።

ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ የሚደርሰው መስመር በእኛ በኩል ያልፋል። ግንባታው የተጀመረው በ2007 ዓ.ም. ነው። ሀዲዱ ተነጥፏል፣ ባቡሩን ግን እየጠበቅን ነው።

ሰዉ አልጠበቀም። ገበያተኛው፣ ተማሪው፣ እረኛው በሀዲዱ ላይ ነው የሚሄደው። አይፈረድበትም! ባቡር ዳገት ስለማይችል መስመሩ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው። በእኛ ጋራ እንዲህ ያለ መንገድ ከየት ይገኛል? የድሮው የእግር መንገድ ክረምት ሲገባ ጭቃ ብቻ ነው።

ቅሬው (እድራችን) ተሰብስቦ "በቃ፣ የእግረኛ መንገድ እናድርገው" አለ። አንድ ወጣት ውጭ አገር የተተወ መስመር ለእግረኛ እንደሚሰጥ አስረዳ። ሃይ ላይን የሚባለው የኒውዮርክ የእግረኛ መናፈሻ በ2009 እ.ኤ.አ. የተከፈተው እንዲያ ነው።

የእኛው ግን አልተተወም። የተሠራው በኤሌክትሪክ ለሚሄድ ባቡር ነው፤ ነገ ሥራ ቢጀምርስ? ልጆቹ ሀዲዱን ከለመዱት በኋላ ማን ያስወርዳቸዋል? እኔ በበኩሌ ሀዲዱን ሳንነካ፣ ከጠጠሩ ወዲያ በአጥር የተለየ መንገድ ይሻላል ባይ ነኝ። ሽማግሌዎቹ "የተሠራ መንገድ እያለ ምን ሌላ ያስቆፍራል?" ይሉኛል። የጠየቅነው ቢሮ ሁሉ ደግሞ ወደ ሌላ ቢሮ ይመራናል።

ከሀዲዱ ግራና ቀኝ ስንት ሜትር ነው የባቡሩ ይዞታ? ማመልከቻውስ ለማን ይጻፋል? ድልድይ ላይ ስንደርስ እግረኛው በየት ይለፍ? በአዳማ ወይም በድሬዳዋ በኩል ሀዲድ ዳር የምትኖሩ፣ እናንተ ጋ እንዴት ተደረገ? የማመልከቻ ናሙና ያላችሁም ብትልኩልን ትልቅ ውለታ ነው።