ከኤስፒአይ ፍላሽ ሲነበብ በየ4 ባይቱ ይገለበጣል፤ ስህተቱ የቱ ጋ ነው?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ለኤስፒአይ ኖር ፍላሽ (በተከታታይ መስመር የሚነበብ የማከማቻ ቺፕ) የሚሆን የሊኑክስ ድራይቨር አለኝ። የኮንትሮለሩ ዳታ ሬጅስተር 32 ቢት ነው፤ ከቺፑ ቀድሞ የሚመጣው ባይት ከቢት 0 እስከ 7 ይቀመጣል። በሊትል ኤንዲያን (የቁጥርን ዝቅተኛ ባይት ሜሞሪ ላይ በሚያስቀድም) አርም ላይ ያለ ችግር ይሠራል። ያው ኮንትሮለር ባለበት ቢግ ኤንዲያን (ከፍተኛውን ባይት በሚያስቀድም) ሚፕስ ቦርድ ላይ ግን ችግር አለ።

የቺፑ መለያ በትክክል ይነበባል (በሺፍት ነው የማወጣው)። ማጥፋት፣ መጻፍና መልሶ ማንበብም ይሠራል፤ የተጻፈውና የተነበበው አንድ ነው። በውጭ መጻፊያ መሣሪያ ዩኢሜጅ (ቡትሎደር የሚጭነው የከርነል ፋይል) ጽፌ በድራይቨሩ ሳነበው ግን፣ መጀመሪያው ላይ 27 05 19 56 መሆን የነበረበት 56 19 05 27 ሆኖ ይመጣል (ቁጥሮቹ ሄክስ ናቸው)። በድራይቨሩ የተጻፈውን ደግሞ ቡት ሮሙ (ቦርዱ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም) አይቀበለውም።

ኮዱ ሬጅስተሩን በሪድኤል (በከርነሉ የ32 ቢት ሬጅስተር ማንበቢያ) ያነብና ውጤቱን በዩ32 (የ32 ቢት ቁጥር) ፖይንተር ቀጥታ በፈሩ ላይ ያስቀምጣል። ንባቡ ሲያልቅ በፈሩን በሙሉ በስዋብ32 (የአራት ባይቶችን ቅደም ተከተል በሚገለብጠው) ባገላብጠው ይበቃል?

መልስ 1

አይበቃም፣ ቦታውም እዚያ አይደለም። ፍላሹ ራሱ ኤንዲያን የለውም፤ ተራ በተራ የተደረደሩ ባይቶች ብቻ ነው። ቅደም ተከተል የሚባለው ነገር የሚፈጠረው አራት ባይቶች በአንድ ሬጅስተር ሲታጨቁ ነው፤ ስለዚህ መፈታትም ያለባቸው እዚያው ነው።

ቺፑ 27 05 19 56 ሲልክ ሬጅስተሩ የሚይዘው ዋጋ 56190527 ነው። መለያው ትክክል መውጣቱ ሪድኤል ትክክለኛውን ዋጋ እንደሚሰጥ ያረጋግጣል። ያን ዋጋ አርሙ ሜሞሪ ላይ ሲያስቀምጥ ዝቅተኛውን ባይት ያስቀድማል፤ በአጋጣሚ ከቺፑ ቅደም ተከተል ጋር ይገጥማል። ሚፕሱ ከፍተኛውን ያስቀድማልና 56 19 05 27 ይሆናል። ስህተቱ አርሙም ላይ ነበረ፤ አልታየም እንጂ።

መፍትሔው የዩ32 ፖይንተሩን አውጥቶ ዋጋውን በ«ፑት_አንአላይንድ_ኤልኢ32» (ዝቅተኛውን ባይት አስቀድሞ በየትኛውም አድራሻ በሚያስቀምጠው) ማስቀመጥ ነው። በመጻፍ በኩል ደግሞ በ«ጌት_አንአላይንድ_ኤልኢ32» አንስቶ በራይትኤል መላክ። ሁለቱም ለየትኛውም ፕሮሰሰር ትክክለኛ ኮድ ይሆናሉ፤ ለየፕሮሰሰሩ የተለየ ኮድ የሚመርጥ ኢፍዴፍ አያስፈልግም። ከላይ የሚመጣው በፈር በ4 ባይት ያልተስተካከለ ሊሆን ስለሚችል ዩ32 ፖይንተር በሚፕስ ላይ የአላይንመንት ኤክሴፕሽን ያስነሳል፤ ይህም አብሮ ይወገዳል።

ጅራቱን አይርሱ። ርዝመቱ ለ4 ካልተካፈለ የመጨረሻውን የ32 ቢት ቃል በ4 ባይት ጊዜያዊ አሬይ ተቀብለው የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ይቅዱ። ያሰቡት የስዋብ32 ዘዴ የሚሰበረው እዚህ ላይ ነው፦ 3 ባይት ሲቀር የሚፈለገው አንዱ ባይት ከበፈሩ ውጭ ይወድቃል። ሲጽፉ ኮንትሮለሩ ሁልጊዜ 4 ባይት የሚልክ ከሆነ ትርፎቹን በኤፍኤፍ (ቢቶቹ ሁሉ 1 በሆኑ ባይት) ይሙሉ። ኖር ፍላሽ ሲጻፍበት ቢትን ከ1 ወደ 0 ብቻ ስለሚያወርድ ኤፍኤፍ ያለውን አይነካም። ዜሮ ከሞሉ ግን ቀጣዩን ዳታ ያበላሻሉ። ጅራቱ የ256 ባይቱን ገጽ አልፎ ከሄደም ቺፑ ወደዚያው ገጽ መጀመሪያ ይመለሳል።

መልስ 2

መልስ 1 ላይ የምጨምረው አለ። ብዙ ሰው እዚህ ቦታ «አይኦሪድ32_ሪፕ» (ሬጅስተሩን ደጋግሞ እያነበበ በፈር የሚሞላውን) ተጠቀም ይላል፤ እሱ ሳያገላብጥ እንዳለ ይቀዳል በሚል። ሚፕስ ላይ ይህ አያስተማምንም። ሪድኤል በቢግ ኤንዲያን ሚፕስ የሚያገላብጠው ከርነሉ «ስዋፕ አይኦ ስፔስ» የሚለው ኮንፊግ ሲበራ ብቻ ነው። ከጠፋና ባሱ ዋጋውን በፕሮሰሰሩ ቅደም ተከተል የሚያቀርብ ከሆነ፣ ሪፑም እንደ ከርነሉ ቨርዥን ያንኑ 56 19 05 27 ሊሰጣችሁ ይችላል። ፑት_አንአላይንድ ግን ሪድኤል ትክክለኛ ዋጋ እስከሰጠ ድረስ በሁለቱም ይሠራል።

አድራሻውንም ተመልከቱ። የኖር ቺፕ አድራሻ ከፍተኛውን ባይት አስቀድሞ ይላካል። ኮንትሮለሩ የአድራሻ ሬጅስተር ካለው ቁጥሩን እንዳለ ጻፉ፣ አታገላብጡ። ትእዛዙ በፊፎ (በዳታ ወረፋው) የሚያልፍ ከሆነ ግን የንባብ ትእዛዙን 03ን፣ ከዚያ አድራሻውን በ16፣ በ8፣ በ0 ሺፍት እያደረጋችሁ ባይት በባይት ደርድሩ። ከ16 ሜጋባይት በላይ ከሆነ ትእዛዙ 13፣ አድራሻው 4 ባይት ነው።

ኤስኤፍዲፒ (ቺፑ ስለ ራሱ የሚይዘው መግለጫ ሠንጠረዥ) ላይ ደግሞ ምንም አትንኩ። ሠንጠረዡ በሊትል ኤንዲያን የተጻፈ ነው፤ ቺፑ 53 46 44 50 ይልካል፣ ወደ ቁጥር የሚቀይረው የከርነሉ ኖር ኮር ነው። ድራይቨሩ ውስጥ አንድ ጊዜ ካገላበጣችሁት ኮሩ ፊርማውን አያውቀውም።

ፈተናውንም ቀይሩት። በራሱ ጽፎ በራሱ የሚያነብ ፈተና ሁለት ጊዜ ተገልብጦ ይስተካከላል፤ ስለ ቅደም ተከተሉ ምንም አይነግራችሁም። ባዶ ቺፕም ሁሉም ኤፍኤፍ ስለሆነ አይረዳም፤ 55 ደጋግሞ መጻፍም እንዲሁ። በውጭ መሣሪያ 00 01 02 03 እያለ የሚቆጥር ፋይል ጻፉና ከአድራሻ 0፣ 1፣ 2፣ 3 ጀምራችሁ ከ1 እስከ 9 ባይት ርዝመት አንብቡ። 36 ንባብ ነው፤ የጅራቱንም ያልተስተካከለ የመነሻ አድራሻውንም ስህተት አንድ ላይ ያወጣል።

ጠያቂው

በፑት_አንአላይንድ_ኤልኢ32 ተስተካክሏል፣ ቡት ሮሙም ተነሣ፤ እናመሰግናለን። አሁን ግን ጄኤፍኤፍኤስ2 (የፍላሽ ፋይል ሲስተሙ) ማጂኩ (መለያ ቁጥሩ) የተገለበጠ ነው፣ ኤንዲያኑ የተሳሳተ ፋይል ሲስተም ይሆን እንዴ ይላል። ድራይቨሩ ውስጥ የቀረ ነገር አለ?

መልስ 3

ድራይቨሩን አይንኩት፤ ይህ ሌላ ጉዳይ ነው። ጄኤፍኤፍኤስ2 የሚጻፈው በፕሮሰሰሩ ቅደም ተከተል ነው። ማጂኩ 1985 ነው፤ ከርነሉ 8519 ሲያገኝ ነው ያን መልእክት የሚያወጣው። ኢሜጁ ለአርሙ የተሠራው ይመስላል። ኤምኬኤፍኤስ ጄኤፍኤፍኤስ2ን በቢግ ኤንዲያን አማራጭ አሂደው እንደገና ይሥሩት።

ሌሎቹ እንዲህ አያስቸግሩም። ዩቢአይ (የፍላሽ ብሎኮችን የሚያስተዳድረው ንብርብር) ራስጌውን ሁልጊዜ በቢግ ኤንዲያን ይጽፋል፤ ቺፑ ላይ 55 42 49 23 ያያሉ። በላዩ ያለው ዩቢአይኤፍኤስ ደግሞ ሁልጊዜ ሊትል ኤንዲያን ነው፦ 31 18 10 06። ስኳሽኤፍኤስም ከ4.0 ጀምሮ ሊትል ኤንዲያን ብቻ ነው። እነዚህን ባይቶች በሄክስደምፕ ሲያዩ ቅደም ተከተላቸው ከተለየ ጥፋቱ ከታች፣ ድራይቨሩ ላይ ነው፤ ከገጠመ ከላይ፣ ፋይል ሲስተሙ ላይ።

በአሮጌው ድራይቨር የተጻፈ ሴቲንግ ያላቸው ቦርዶች ካሉ አዲሱን ከመጫንዎ በፊት ያን ፓርቲሽን በአሮጌው አንብበው በኔትወርክ ያውጡት፣ ከዚያ በአዲሱ ይጻፉት። ቺፑ አስቀድሞ ተነቅሎ በውጭ መሣሪያ ከተነበበ ኦብጅኮፒ የተባለው ትእዛዝ በየ4 ባይቱ ይገለብጥልዎታል። ዲዲ በተባለው የመቅጃ ትእዛዝ ላይ ያለው ስዋብ ግን 2 ባይት ብቻ ስለሚያቀያይር 56 19 05 27ን ወደ 19 56 27 05 ነው የሚቀይረው።